ጎብኚው የሚያየውና የማያየው ኮስታ ሪካ

በሳን ሆሴ ከተማ እምብርት የሚገኘውን ብሔራዊ ቴአትር የሚጎበኝ እንግዳ፣ በሰፊው ደረጃ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጣ ቀና ብሎ ጣሪያውን መመልከቱ አይቀርም። በዚያ ላይ አሌአርዶ ቪላ የተባለ ኢጣሊያዊ ሠዓሊ በ1897 የሠራው ትልቅ ሥዕል ይታያል። ሥዕሉ በዚያን ዘመን የአገሪቱ መተዳደሪያ የነበሩትን ቡናንና ሙዝን የሚያሞግስ ነው። ሴቶች በባሕር ዳር ቡና ይለቅማሉ፤ አንድ ጎልማሳ የሙዝ ዘለላ ታቅፎ ቆሟል፤ ዕቃ የሚጭኑ ሰዎችና መርከብም ይታያሉ። የሥዕሉ ውበት የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ቡናው የሚለቀመው ሐሩር በበዛበት የባሕር ጠረፍ ላይ ነው፤ የሙዙም ዘለላ የተያዘው ተገልብጦ ነው። ሠዓሊው ሥራውን የሠራው በአገሩ በኢጣሊያ ተቀምጦ ሲሆን፣ ቡናንም ሆነ ሙዝን በበቀሉበት ቦታ አላያቸውም። ቡና የወይና ደጋ ተክል መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስሕተቱ በአንድ እይታ የሚገለጽለት ነው። የአገሩ ሰዎችም ስሕተቱን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ሆኖም ሥዕሉን ወደዱት፤ ከጊዜ በኋላም በአምስት ኮሎን የወረቀት ገንዘባቸው ላይ አተሙት።

ዛሬ ኮስታ ሪካ በዓለም ዘንድ የምትታወቅበት ሌላ ሥዕል አለ። ይኸውም ያልተነካ ደን፣ ጦር ሠራዊት የሌለው ሰላማዊ ሕዝብ፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘል ጦጣ፣ በደመና የተሸፈነ ተራራ ነው። ይህ ሥዕል እንደ ቪላ ሥዕል ሐሰት አይደለም። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ያስመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን፣ ጎብኚው የተፈጥሮ ስጦታ አድርጎ የሚያደንቀው አብዛኛው ነገር በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ በሕግ፣ በክርክር፣ በድካምና በሰው ሕይወት ጭምር የተሠራ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሥራ፣ ዋጋውንም የከፈሉትን ሰዎች፣ ጎብኚው በሚሄድበት መንገድ ተከትሎ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድሃዋ «ሀብታም ጠረፍ»

ኮስታ ሪካ በኒካራጓና በፓናማ መካከል የምትገኝ፣ ስፋቷ ወደ 51,100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ በምሥራቅ በካሪቢያን ባሕር፣ በምዕራብ በሰላማዊ ውቅያኖስ የተዋሰነች ትንሽ አገር ናት። ክሪስቶፎር ኮሎምበስ በ1502 በአራተኛው ጉዞው ዛሬ ሊሞን በሚባለው ወደብ አካባቢ ሲደርስ፣ የአገሩ ሰዎች በወርቅ ጌጥ አጊጠው አገኛቸው። «ሀብታም ጠረፍ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ለዚህ ምድር የተሰጠው ከዚህ ዓይነቱ ተስፋ የተነሣ ነው። ተስፋው ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ወርቁ ጥቂት ነበር፤ ነባሩ ሕዝብ በበሽታና በግዞት አለቀ፤ ግዛቲቱም ከስፔን ቅኝ አገሮች ሁሉ የተረሳች ሆነች። በ1719 አገረ ገዢው ራሱ የግዛቱን ድህነት ለንጉሡ በምሬት አመልክቷል።

ከስፔን አገዛዝ በ1821 ነጻ ከወጣች በኋላ ኑሮዋን የለወጠው ቡና ነው። መንግሥት ቡና ለሚተክል ሁሉ መሬት ሰጠ፤ በ1843 ዊልያም ለ ላሸር የተባለ የእንግሊዝ መርከብ አዛዥ ቡናዋን በቀጥታ ወደ እንግሊዝ አገር መጫን ከጀመረ ወዲህ ንግዱ ደራ። ከላይ የተጠቀሰው ብሔራዊ ቴአትር የዚህ ሀብት ልጅ ነው፤ ለግንባታው በመጀመሪያ በቡና ላይ፣ በኋላም ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ተጥሎ ነበር። የቡናው ገንዘብ ለሀብታሞች የአውሮፓን ኦፔራ ሲያስመጣ፣ ለቃሚው ግን የቀን ሞያተኛ እንደሆነ ቀረ።

ከአውሮፕላን ጣቢያው እስከ ቤተ መዘክሩ

ጎብኚው በመጀመሪያ የሚያርፍበት ዋናው የአውሮፕላን ጣቢያ ሁዋን ሳንታማሪያ ይባላል። የስሙ ባለቤት ጣቢያው በሚገኝበት በአላሁዌላ የተወለደ ከበሮ መቺ ወታደር ነበር። በ1856 ዊልያም ዎከር የተባለ አሜሪካዊ፣ የተቀጠሩ ጀብደኞችን አሰልፎ ኒካራጓን ይዞ፣ መላውን ማዕከላዊ አሜሪካ ለመጠቅለል ተነሣ። ዎከር በኒካራጓ የፕሬዚደንትነትን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ተሽሮ የነበረውን ባርነት በዐዋጅ መልሷል። የኮስታ ሪካ ፕሬዚደንት ሁዋን ራፋኤል ሞራ ገበሬውን አስታጥቆ ዘመተ። መጋቢት 20 ቀን 1856 ሳንታ ሮሳ በተባለ የከብት እርባታ ግቢ ላይ ወራሪዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ድል ሆኑ። ሚያዝያ 11 ቀን ደግሞ በሪቫስ ከተማ ሳንታማሪያ ጠላት የመሸገበትን ቤት በችቦ አቃጥሎ እዚያው ወደቀ። ዘማቾቹ ከድሉ ጋር ኮሌራን ይዘው ተመለሱ፤ ወረርሽኙም ከአገሩ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ያህሉን ፈጀ። ጎብኚው ሻንጣውን ሲጠብቅ የሚያነበው ስም ይህን ሁሉ ያዘለ ነው።

በከተማው ውስጥ ጥይት የበሳቸው ማማዎች ያሉት አንድ አሮጌ ግንብ ይገኛል። ቤያቪስታ ይባል የነበረው የጦር ሠፈር ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ሆኗል። በ1948 በምርጫ ክርክር ምክንያት የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት 44 ቀናት ፈጅቶ ወደ 2,000 የሚሆኑ ሰዎችን ጨረሰ። አሸናፊው ሆሴ ፊጌሬስ ታኅሣሥ 1 ቀን 1948 በዚህ ሠፈር ተገኝቶ የግንቡን ጫፍ በመዶሻ መታና የጦር ሠራዊቱ መፍረሱን አስታወቀ። በ1949 የጸናው ሕገ መንግሥትም በ12ኛው አንቀጹ ቋሚ ጦር ሠራዊትን ከለከለ። ይህ ውሳኔ ከቅን ሐሳብ ብቻ የፈለቀ አልነበረም፤ ተቀናቃኞቹ ሊጠጉበት የሚችሉትን ኃይል ማስወገዱም ጭምር ነበር። የኮሚኒስት ፓርቲም በዚያው ጊዜ ታግዷል። ቢሆንም ጎረቤቶቹ አገሮች ለአርባ ዓመታት በመፈንቅለ መንግሥትና በእርስ በርስ ጦርነት ሲታመሱ፣ ኮስታ ሪካ ለጦር የሚውለውን ገንዘብ ለትምህርትና ለጤና ማዋል ቻለች። በ1987 ፕሬዚደንት ኦስካር አርያስ ለማዕከላዊ አሜሪካ የሰላም ውል ባደረጉት ጥረት የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ጦርነትን የሚፈራ ጎብኚ ወደዚህች አገር እንዲመጣ መንገዱን የጠረገው ይህ ታሪክ ነው።

ሐዲዱ፣ ሙዙና የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች

ቡናውን ከወይና ደጋው ወደ ካሪቢያን ወደብ ለማውረድ ሐዲድ አስፈለገ። በ1871 የፕሬዚደንት ቶማስ ጓርዲያ መንግሥት ከአሜሪካዊው ከሄንሪ ሜግስ ጋር ተዋዋለ፤ ሥራው በኋላ በወንድሙ ወይም በእኅቱ ልጅ በማይነር ኪዝ እጅ ገባ። ሐዲዱ ረግረጉንና ገደሉን አልፎ ሳን ሆሴ የደረሰው በ1890 ነው። ከጃማይካ፣ ከቻይናና ከኢጣሊያ የመጡ ሠራተኞች በወባና በቢጫ ወባ በብዛት አለቁ። ገንዘቡ ሲያልቅበት ኪዝ በሐዲዱ ዳርና ዳር ሙዝ ተከለ። በ1884 በተደረገው ውልም የሐዲዱን አገልግሎት ለ99 ዓመታት፣ እንዲሁም ወደ 324,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተቀበለ። ከዚህ የተነሣ በ1899 ዩናይትድ ፍሩት የተባለው ታላቅ የሙዝ ኩባንያ ተመሠረተ።

የዘመናዊ ቱሪዝም መነሻም እዚሁ ላይ ይገኛል። ሙዝ የሚጭኑት የኩባንያው ነጫጭ መርከቦች መንገደኞችንም ያሳፍሩ ነበር። ከሰሜን አሜሪካ ክረምት የሸሹ ባለጸጎች ሊሞን ላይ ወርደው፣ በባቡር እየተዝናኑ ወደ ሳን ሆሴ ይወጡ ነበር። በመስኮት የሚያዩት ልምላሜ እንደ ተፈጥሮ ያስደንቃቸው ነበር፤ በእርግጥ ግን ከሚያዩት ብዙው ደን ተመንጥሮ የተተከለ ሙዝ ነበር። ሐዲዱን የሠሩት ጥቁሮች ዘሮች በሊሞን ቢቀሩም ለረጅም ዘመን ሙሉ የዜግነት መብት አልነበራቸውም። የሙዙ ወዛደር በ1934 ለደመወዝ፣ ለሕክምናና ለመኖሪያ ቤት ታላቅ አድማ መትቶ ነበር። ሐዲዱን በ1991 በሊሞን የደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ጎዳው፤ በባቡር ከባሕር ወደ ከተማ መውጣትም በ1990ዎቹ ቀረ።

ደኑ እንዴት አለቀ

በ1940ዎቹ ከአገሪቱ ቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛ ያህሉ ደን ነበር። በ1980ዎቹ የቀረው ግን ሩብ ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ደኑ በእንዲህ ያለ ፍጥነት የተመነጠረበት አገር እምብዛም አልነበረም። ምክንያቱ የገበሬው ድንቁርና አልነበረም። ሕጉ መሬት ያቀና ሰው ባለ ይዞታ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ማቅናት ማለት ደግሞ ዛፍ መቁረጥ ነበር። ስለዚህ ዛፉን ያቆየ ሰው መሬቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ ዛፉን የጣለ ባለቤት ይሆናል። በሌላ በኩል በሰሜን አሜሪካ ርካሽ የበሬ ሥጋ ይፈለግ ነበርና ባንኮች ለከብት እርባታ በገፍ ያበድሩ ነበር። ደኑ ወደ ግጦሽ፣ ግጦሹም ወደ ሥጋ፣ ሥጋውም ወደ ውጭ ምንዛሪ ተለወጠ። ይህን ጊዜ ደን ማጥፋት ልማት ይባል ነበር።

የመጀመሪያው የፓርክ ሐሳብ የመጣው ከቱሪዝም በኩል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1955 የቱሪዝም ኢንስቲትዩት የተቋቋመበት ሕግ፣ በእያንዳንዱ እሳተ ገሞራ አፍ ዙሪያ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር ያለው መሬት ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ደነገገ። ነገር ግን ጠባቂ፣ በጀትና ወሰን አልተመደበለትምና ድንጋጌው ከወረቀት አልወረደም። በእሳተ ገሞራው ጥግ ከብት መጋጡን፣ ዛፍ መቆረጡንም አላቆመም።

ከጥቂቶች የተጀመረው ሥራ

በ1955 ኦሎፍ ቬስበርግ የተባለ ስዊድናዊና ዴንማርካዊት ባለቤቱ ካረን ሞገንሰን በኒኮያ ባሕረ ገብ ጫፍ መሬት ገዝተው ፍራፍሬ እያለሙ መኖር ጀመሩ። በዙሪያቸው ያለው ደን በየዓመቱ ሲሸሽ ባዩ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ማኅበሮች ደብዳቤ እየጻፉ ገንዘብ አሰባሰቡ። በ1963 ካቦ ብላንኮ የተባለው ጥብቅ ስፍራ በመንግሥት ዐዋጅ ተቋቋመ። ከ1,100 ሄክታር በጥቂቱ የሚበልጠው ይህ መሬት ሲከለል አብዛኛው የተመነጠረና የተጋጠ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም ጎብኚ እንዳይገባበት ተከለከለ። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ሰው የሚያየው ረጅም ደን ከግጦሽ የተመለሰ ደን ነው። ቬስበርግ በ1975 በኦሳ ባሕረ ገብ ሌላ ፓርክ ለማስከለል ደኑን ሲያጠና እዚያው ጫካ ውስጥ ተገደለ።

ሁለተኛው ጥረት ከወጣት ባለሙያዎች መጣ። ማሪዮ ቦሳ በቱሪአልባ ሲያጠና በ1968 የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጀው የፖአስን እሳተ ገሞራ እንደ ፓርክ ለማስተዳደር በሚያስችል ዕቅድ ላይ ነበር። በ1969 የደን ሕግ ሲወጣ የብሔራዊ ፓርኮች ክፍል ተቋቋመና የ27 ዓመቱ ቦሳ ኃላፊ ሆነ፤ አልቫሮ ኡጋልዴ የተባለው የሥነ ሕይወት ተማሪ ደግሞ ተባበረው። ሠራተኛም፣ መኪናም፣ በጀትም አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ የፕሬዚደንት ፊጌሬስ ባለቤት ወይዘሮ ካረን ኦልሰን የደኑ ጠበቃ ሆነው ቆሙላቸው። የሥራው ብልኀት አንዱን ከሌላው ማስተሳሰሩ ላይ ነበር። ሳንታ ሮሳ በ1971 ፓርክ ሆኖ ሲመረቅ ቀኑ የተመረጠው መጋቢት 20፣ የ1856ቱ ድል መታሰቢያ ነው። ለዛፍ ግድ የማይሰጠው ዜጋ ለጦር ሜዳው ግድ ይሰጠዋልና ደኑ በታሪኩ ጥላ ሥር ተጠለለ።

በጓናካስቴ የሚገኘው የሳንታ ሮሳ ደረቅ ደን የተሐድሶው ትልቅ ምሳሌ ሆኗል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዳንኤል ጃንዘን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከባለቤቱና ከአካባቢው ሰዎች ጋር የከብት እርባታዎችን እየገዛ፣ እሳትን እየተከላከለ፣ ደኑ ራሱን እንዲተካ አደረገ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአንድ የጭማቂ ፋብሪካ የተገኘ ወደ 12,000 ቶን የሚደርስ የብርቱካን ልጣጭ በተጎዳ የግጦሽ መሬት ላይ ተደፋ። ሌላ የጭማቂ ፋብሪካ ከሶ ሥራው በፍርድ ቤት ታገደ። ልጣጩ የተደፋበት መሬት ግን ከዓመታት በኋላ ሲጎበኝ በጥቅጥቅ ደን ተሸፍኖ ተገኘ። ይህ የጥበቃ ክልል በ1999 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የሞንቴቬርዴ ደመና

ብዙ ጎብኚዎች የሚጓጉለት የሞንቴቬርዴ የደመና ደን ታሪኩ ከጦር ሠራዊቱ መፍረስ ጋር የተያያዘ ነው። በ1949 በአሜሪካ በአላባማ ግዛት አራት ወጣቶች ለውትድርና አንመዘገብም በማለታቸው ታሰሩ። እነርሱና ወገኖቻቸው ኩዌከር የሚባሉ፣ በእምነታቸው ጦርነትን የማይቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ጦር ሠራዊቷን የበተነች አገር መኖሯን ሲሰሙ፣ በ1951 ዐሥራ አንድ የሚሆኑ ቤተሰቦች ተሰደው በቲላራን ተራሮች ላይ መሬት ገዙ፤ ላም አርብተው አይብ እየሠሩ ኖሩ። ከመሬታቸው ላይ ከ500 ሄክታር በላይ የሚሆነውን የተራራ ጫፍ አልነኩትም። ይህን ያደረጉት ለጎብኚ ብለው አይደለም፤ የሚጠጡትና ለአይብ ሥራቸው የሚያስፈልጋቸው ውኃ ከዚያ ይመነጭ ስለነበር ነው። በ1972 በሳይንቲስቶች ጥረት ጥብቁ ስፍራ ሲቋቋም ይህ ውኃ ማቆሪያ ደን አጠገቡ ሆኖ አገለገለ። በ1987 በስዊድን አገር አንድ አነስተኛ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ደን እንዲገዛበት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ከብዙ አገሮች ልጆች ጋር ሆነውም ዛሬ ከ22,000 ሄክታር የሚበልጠው የልጆች ደን እንዲመሠረት ምክንያት ሆኑ።

ይሁን እንጂ ማጠርና መጠበቅ ሁሉን አያድንም። በዚህ ተራራ ብቻ ትኖር የነበረች፣ ወንዱ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ አንዲት የጉርጥ ዘር ነበረች። በ1966 በሳይንስ ተመዘገበች፤ በ1987 በመራቢያ ወራቷ ከአንድ ሺህ በላይ ታየች፤ በ1989 አንዲት ብቻ ታየች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላያትም። ደኑ ሳይቆረጥ እንስሳዪቱ ጠፋች። የበሽታና የአየር ጠባይ ለውጥ ተባብረው እንዳጠፏት ሊቃውንት ይናገራሉ። ሥዕሏ ግን እስከ ዛሬ በሞንቴቬርዴ ሱቆች ይሸጣል።

የፓርኩ ዋጋና የከፈሉት ሰዎች

ፓርክ በተከለለበት ሁሉ አስቀድሞ ሰው ነበረበት። ቬስበርግ የሞተለት የኮርኮቫዶ ፓርክ በ1975 በፕሬዚደንት ዳንኤል ኦዱቤር ሲታወጅ፣ በውስጡ የሰፈሩ ቤተሰቦች ካሣ ተሰጥቷቸው እንዲነሡ ተደረገ። በ1980ዎቹ የሙዝ ኩባንያው ከደቡብ ሰላማዊ ውቅያኖስ ጠረፍ ለቆ ሲሄድ ሥራ ያጡ ሰዎች ወርቅ ለማጠብ ወደ ፓርኩ ወንዞች ጎረፉ። ወንዞቹ ደፈረሱ፤ አውሬው ታደነ። በ1986 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወርቅ አጣቢዎች ከፓርኩ ወጡ፤ ካሣ እንጠይቃለን ብለውም በዋና ከተማዋ መናፈሻዎች ውስጥ ሰፈሩ። አንዱ ወገን ለደኑ፣ ሌላው ለልጆቹ እንጀራ ይከራከር ነበር፤ ሁለቱም ሐሰተኛ አልነበሩም።

በካሪቢያን ጠረፍ በካዊታ የሆነው ከዚህ የተለየ ትምህርት ይሰጣል። በካዊታ ፓርኩ ከመከለሉ በፊት ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ጥቁር ዓሣ አጥማጆችና የካካዎ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። በ1970 የባሕሩ ዛጎል ድንጋይና ጠረፉ ሲከለል መሬታቸው በከፊል ተወሰደ። በ1994 መንግሥት የውጭ አገር ጎብኚዎች የሚከፍሉትን የፓርክ መግቢያ በአንድ ጊዜ ወደ 15 ዶላር ከፍ ሲያደርግ፣ ጎብኚ ይቀርብናል ብለው የሠጉት የካዊታ ነዋሪዎች የፓርኩን በር ያዙ፤ እንግዶችንም ያለ ክፍያ አስገቡ። ከብዙ ድርድር በኋላ ፓርኩን ከመንግሥት ጋር አብረው የሚያስተዳድሩበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በመንደሩ በኩል የሚገባ ጎብኚም የወደደውን ያህል እንዲሰጥ ተደረገ። በቶርቱጌሮም እንዲሁ፣ አርቺ ካር የተባለው የእንስሳት ሊቅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለሾርባ ይታደን የነበረውን የባሕር ኤሊ ሲያጠና ረዳቶቹ የመንደሩ ሰዎች ነበሩ፤ ኤሊ በማደን የታወቁ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ ኤሊ ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ይመራሉ። የተባረረ ሰው የፓርክ ጠላት ይሆናል፤ የተካፈለ ሰው ጠባቂ ይሆናል ማለት ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያሻው አይመስልም።

ጎብኚው ሲበዛ

ጉብኝት በ1993 ገደማ ሙዝንም ቡናንም በልጦ የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ። በ1999 ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ በ2019 ደግሞ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ጎብኚዎች ገቡ፤ የአገሩ ሕዝብ በዚያን ጊዜ ወደ አምስት ሚሊዮን ነበር። ደን ከከብት ይልቅ ገንዘብ ሲያስገኝ ሕጉም ተለወጠ። በ1996 የወጣው የደን ሕግ ደንን ወደ ሌላ አገልግሎት መለወጥን ከለከለ፤ ዛፉን ለሚያቆይ ባለ ይዞታም ከነዳጅ ቀረጥ በሚገኝ ገንዘብ ክፍያ እንዲሰጠው ወሰነ። ቀድሞ ዛፍ የቆረጠ ባለቤት ሲሆን፣ አሁን ዛፍ ያቆየ ይከፈለዋል። የሥጋ ዋጋ መውደቁም ረድቶ ደኑ ተመልሶ ከአገሪቱ ግማሽ በላይ ሸፈነ።

ጎብኚ ሲበዛ ግን ችግሩም ይበዛል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ዝናብ በሚያንስበት በጓናካስቴ፣ ታላላቅ ሆቴሎች ውኃ ይፈልጋሉ። በ2008 የሳርዲናል ከተማ ነዋሪዎች የጉድጓድ ውኃቸው በቧንቧ ወደ ባሕር ዳር መዝናኛዎች እንዳይሄድ ታግለዋል። የባሕር ዳር መሬት ዋጋ ሲንር ዓሣ አጥማጁ ልጅ ቤት የሚሠራበት ቦታ ያጣል። በ2020 ወረርሽኙ ድንበሮችን ሲያዘጋ ደግሞ፣ ጎብኚ ብቻ የሚመግበው መንደር በአንድ ወር ውስጥ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ታየ። ሙዝ ብቻ፣ ቡና ብቻ ማብቀል የሚያስከትለውን አደጋ ያየች አገር፣ ጎብኚ ብቻ መጠበቅም ተመሳሳይ አደጋ እንዳለበት ተማረች።

ቱሪአልባ

ከሳን ሆሴ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በቱሪአልባ ከተማ አንድ የእርሻ ምርምርና የትምህርት ማዕከል አለ። ማሪዮ ቦሳ የፖአስን ዕቅድ የጻፈው በዚያ ነው። በግቢው ውስጥ ለጎብኚ እምብዛም የማይማርክ፣ ቁጥር የተለጠፈባቸው የቡና ዛፎች የተደረደሩበት ማሳ ይገኛል። ብዙዎቹ ዛፎች ዘራቸው የመጣው ከኢትዮጵያ ደን ነው። በ1964 እና በ1965 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የላከው ቡድን በኢትዮጵያ የቡና ደኖች ተዘዋውሮ ዘር ሲሰበስብ፣ ከዘሩ ተካፋዮች አንዱ ይህ ቦታ ነበር። ከዚያ አስቀድሞም በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተለቅሞ በታንጋኒካ በኩል ያለፈ፣ ጌሻ የተባለ የቡና ዝርያ በ1953 ቱሪአልባ ደርሶ ተመዝግቧል። ከዚህ ወደ ፓናማ የተሻገረው ያ ዝርያ በ2004 በዚያች አገር በተደረገ ውድድር አሸንፎ እስከዚያ ድረስ ተሰምቶ በማያውቅ ዋጋ ተሸጠ፤ ከዚያ ወዲህም የዓለም ውድ ቡና ሆነ።

በብሔራዊ ቴአትሩ ጣሪያ ላይ ያለው ቡና ከባሕር ዳር ይለቀማል፤ በቱሪአልባ ማሳ ያለው ቡና ግን ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደለቀመው፣ በስንት ዓመት እንደተተከለ በመዝገብ ተጽፏል። ኮስታ ሪካን የሚጎበኝ ሰው ሁለቱንም ማየት ይችላል። እንግዳ የሚቀበል፣ ፓርክ የሚያስተዳድር፣ መንገድ የሚቀይስ ወይም ስለ አገሩ የሚጽፍ ባለሙያም ሁለቱ በፊቱ ናቸው። ቬስበርግ የሞተለትን ደን፣ የወርቅ አጣቢዎቹን ልመና፣ የካዊታን በርና የሳርዲናልን ውኃ ከሥዕሉ ውስጥ ያወጣ ሰው፣ ጎብኚውን ያስደስት እንደ ሆነ እንጂ ደኑ ነገም እንዲኖር የሚያደርገውን ነገር አያሳየውም። ያ ደን የቆመው በዝናብ ብቻ አይደለምና፤ በየዓመቱ በሚታደስ በጀት፣ በሚከበር ሕግና ከአጥሩ ውጭ በሚኖረው ገበሬ ፈቃድ ጭምር ነው።